ወርሳሜና የዘጠኝ ሰዓቱ ነፋስ

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ለሰርግም ይሁን ለለቅሶ ድንኳን የፈለገ ሰው መጀመሪያ የሚያንኳኳው የወርሳሜን በር ነው። ሙሉ ስሙ ወርሳሜ ሲያድ ዐብዲገኒ ይባላል። ይህን ሙሉ ስም አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ጣጣውን ሁሉ ያመጣው እሱ ነው።

ወርሳሜ ረጅምና ቀጭን፣ ራሱ የድንኳን ምሰሶ የሚመስል፣ ጢሙን በሂና የሚያቀላ የስድሳ ዓመት ሰው ነው። ድንኳን፣ ወንበርና ትልልቅ ድስት ያከራያል። መዶሻውን ከወገቡ አይለይም። ሰው ቤት ሻይ ሲጋበዝ መዶሻው አብሮት ይጋበዛል። ሚስቱ ዑግባድ «እኔን ያገባኝ ሰው እንዳያማው ነው፤ እውነተኛ ሚስቱ እሷ ናት» እያለች ወደ መዶሻው ትጠቁማለች።

የሰፈራችን ዕድር የድንኳን ኃላፊም እሱ ነው። ዕድራችን የሰፈር እንጂ የሃይማኖት አይደለም፤ ክርስቲያኑም እስላሙም አንድ ላይ ያለቅሳል፣ አንድ ላይ ይቀብራል። እኔ የዚህ ዕድር ዳኛ ነኝ። ስለዚህ የምጽፈው በዓይኔ ያየሁትን ነው፤ ያላየሁትን ደግሞ ከባለቤቱ አፍ ሰምቼ ነው።

አምና በወርሳሜ ላይ አንድ መጥፎ ነገር ደረሰ። ለአንድ ምርቃት የተከለውን ድንኳን ድንገት የተነሣ ነፋስ ነቅሎ ወሰደው። ድንኳኑ የጎረቤት አጥር ተሻግሮ መንገድ ላይ ሰው ሊያወርድ የቆመ ሚኒባስ ላይ አረፈ። ሾፌሩ ዓይኑ የጠፋ መስሎት ጮኸ። ረዳቱ ግን ድሬ ያደገ ልጅ ነውና ከድንኳኑ ሥር ሆኖ «ግቡ፣ ጥላ አለ!» እያለ ተሳፋሪ መጥራቱን አላቆመም።

በዚያው ቀን ፀጉር አስተካካዩ ነጋ «ፓራሹት» የሚል ስም አወጣለት። ነጋ የሚያወጣው ስም እንደ ክትባት ነው፤ ምልክቱ አይለቅም። ወርሳሜ በፒክአፑ ሲያልፍ «ፓራሹት፣ ዛሬ የት ልታርፍ ነው?» የማይለው ሰው ጠፋ። ለለቅሶ ይጠሩታል፤ ሐዘንተኛ ድንኳን አይመርጥም። ለሰርግ ግን የሚጠራው ጠፋ።

ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ የካሣ ልጅ ማህደር ልትዳር ሆነ። ካሣ የፋብሪካ ፎርማን ነው፤ ሰው ያከብረዋል፣ ወዳጁም ብዙ ነው። ወርሳሜ አዲስ ነጭ ድንኳን አሰፍቶ ነበርና ይህን ሰርግ ስጠኝ ብሎ ለመነው። የካሣ ሚስት ሸዋገነት ደግሞ ከከዚራ ሰፈር የሚመጡ፣ የብረት ድንኳን ያላቸው ዲኮር ሠሪዎችን ነው የፈለገችው። ካሣ በሁለቱ መካከል ተጨነቀ።

«አቦ ወርሳሜ፣ እኔ አንተን ጠልቼ አይደለም» አለው። «ግን ሙሽሪት ልጄ ቬሏ ቢነፍስባት ያምራል፤ ድንኳኑ ቢነፍስባት ምን ልበል? ሐሙስ ቁርጡን እነግርሃለሁ።»

ይህን ሰርግ ካጣ ወርሳሜ ፓራሹት እንደሆነ ይቀራል። ካገኘውና ድንኳኑ ከቆመ ግን የጥንት ስሙ ይመለስለታል። እሱም ይህን ያውቃል፣ እኛም እናውቃለን።

እስከዚያ ጊዜ ድረስ ወርሳሜ ነፋስ የሚያውቀው በቀኝ ጉልበቱ ነበር። ሲወጋው «ዛሬ ይነፍሳል» ይላል። ችግሩ፣ ጉልበቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው የትናንቱን ነው። ልጁ ሃምዳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ዕቃ ግምጃ ቤት ትሠራለች፤ ኮምፒውተር ታውቃለች። አንድ ቀን እኔ ባለሁበት እንዲህ አለችው፦

«አባ፣ ጉልበትህን ጡረታ አውጣው። የአየር ትንበያው በየጧቱ ራሱ መጥቶ ስልክህ የቀን መቁጠሪያ ላይ እንዲጻፍ ማድረግ ይቻላል። ኮድ መጻፍ እንኳ አያስፈልገውም።»

«እኔ የማውቀው ኮድ ታርጋ ላይ ያለውን ነው።»

«እሱም አያስፈልግም፣ አብሽር።»

ከዚያ ስልኩን ይዛ አሳየችው። ስክሪኑ ላይ ሳጥኖች አሉ። አንዱ ሳጥን የድሬዳዋን ትንበያ ያነባል። ሁለተኛው ነፋሱ ከተወሰነ ልክ በላይ መሆን አለመሆኑን ይመዝናል። ሦስተኛው፣ ነፋሱ ከልኩ ካለፈ፣ መቁጠሪያው ላይ ከነሰዓቱ ይጽፋል፤ ስልኩም ይጮኻል። ሰውየው የሚጠበቅበት ሳጥኖቹን በመስመር ማያያዝና ባዶውን ቦታ መሙላት ብቻ ነው።

ወርሳሜ ጭኑን መታ።

«ወላሂ ይሄማ ድንኳን ነው! ይቺ ምሰሶ፣ ይቺ ገመድ፣ ይቺ ካስማ!»

ሁለቱን ሳጥኖች አባትና ልጅ አብረው አያያዙ። ሃምዳ የፈረቃዋ ሰዓት ደረሰ።

«ሦስተኛውን ስመለስ እንጨርሰዋለን፣ አባ። አትንካው።»

«ሂጂ አንቺ! ይህን ሁሉ ዘመን ድንኳን የተከልኩ ሰው አንድ ሳጥን አልሞላም?»

እሷ ወደ ሥራዋ፣ እኔ ወደ ቤቴ ሄድን። ቀትር ነበር፤ በድሬ ቀትር ደግሞ አስተዋይ ሰው ይተኛል። ወርሳሜ ግን አልተኛም። ብቻውን ሦስተኛውን ሳጥን ከፈተ። ከላይ ባዶ መስመር መጣለት። እሱ በዕድሜው ብዙ ቢሮ ገብቶ ወጥቷል፤ በየትኛውም ቢሮ የመጀመሪያው ባዶ መስመር ላይ የሚጻፈው ሙሉ ስም ከነአያት ነው። ያ መስመር «ነፋስ ይመጣል» የሚል ቃል የሚጻፍበት መሆኑን የነገረው የለም። መነጽሩን አስተካክሎ «ወርሳሜ ሲያድ ዐብዲገኒ» ብሎ ጻፈ። ቦታ ሲጠየቅ «ሳቢያን» አለ። ሰዓቱን ትንበያው ራሱ ይሞላዋል። በመጨረሻ የትኛው መቁጠሪያ ላይ ይጻፍ ተብሎ ተጠየቀ። ስልኩ ላይ ሁለት መቁጠሪያ ነበር፤ የራሱና የዕድሩ። ከላይ ያለውን ነካ። ከላይ ያለው የዕድሩ ነበር።

የዕድሩ መቁጠሪያ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ድሮ ሰው ሲሞት ጥሩምባ ይነፋ ነበር። አሁን ወጣቱ ግማሹ ሌሊት ፈረቃ ሠርቶ ቀን ይተኛል፣ ግማሹ ፋብሪካ ውስጥ ነው፤ ጥሩምባ የሚሰማ የለም። ስለዚህ ሃምዳ ለዕድሩ አባላት ሁሉ በየስልካቸው የሚታይ አንድ የጋራ መቁጠሪያ ሠራችልን። ሰው ሲሞት የሟቹ ሙሉ ስም፣ የቀብሩ ሰዓትና ሰፈሩ ይጻፋል፤ የሁሉም ስልክ በአንድ ዓይነት ድምፅ ይጮኻል። ሌላ ምንም አይጻፍበትም። ይህን ሥርዓት ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ሐዘንን በብዙ ቃል ማስጌጥ አልወድም። እዚያ ላይ መጻፍ የምንችለው ሦስት ሰዎች ብቻ ነን፦ እኔ፣ ሃምዳ፣ ድንኳኑ የት እንደሚተከል እንዲያይ ደግሞ ወርሳሜ።

ሐሙስ ጧት ፉሌን እየበላሁ ስልኬ ጮኸ። የዕድሩ ድምፅ ነው፤ ጉርሻውን ትቼ ስልኩን አነሣሁ። ከፈትኩት።

ወርሳሜ ሲያድ ዐብዲገኒ። ዘጠኝ ሰዓት። ሳቢያን።

መነጽሬን ወልውዬ ደግሜ አነበብኩ። ማንበብ የተማርኩት በአርባ ዓመቴ፣ ያለ አስተማሪ፣ ከባቡር ጣቢያ ሰሌዳዎች ነው፤ የማነበው ነገር አያሳስተኝም። ቢሆንም አሰብኩበት። እኔ አልጻፍኩትም። ወርሳሜ የራሱን ሞት አይጽፍም። የቀረችው ሃምዳ ናት። ልጅ የአባቷን ሞት በእጇ ከጻፈች ምን ጥርጣሬ ይቀራል?

ቤቱ ስደርስ ሰው ተሰብስቧል። በሩ ተቆልፏል። ዑግባድ እህቷን ልትጠይቅ ቢዮ አዋሌ ሄዳለች፤ ስልኳ አይሠራም። ሃምዳ ፈረቃ ላይ ናት፤ እዚያ ስልክ ተቆልፎ ነው የሚቀመጠው። «ወርሳሜ ራሱ ጋስ ለምን አልደወላችሁም?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ለሞተ ሰው ይደወላል እንዴ? ማንም አላሰበውም።

ወሬው ግን ራሱን ችሎ ይሠራ ነበር። አንዱ «ፒክአፑ መልካ ጀብዱ መንገድ ላይ ተገለበጠ» አለ። ሌላው «የለም፣ ልቡ ነው፤ ማታ ሐብሐብ በልቶ ተኛ» አለ። አዴ ፈርዶውሳ የሚባሉ የዕድሜ ባለጸጋ እናት «ሬሳው ከሆስፒታል እስኪመጣ ዝም ብላችሁ ትቆማላችሁ? ድንኳን ትከሉለት እንጂ!» ብለው ተቆጡ።

የዕቃ ቤቱ ትርፍ ቁልፍ እኔ ዘንድ ነው። ከፈትኩ። የተገኘው አዲሱ ነጭ ድንኳን ብቻ ነበር። ከበሩ ፊት ለፊት ተከልነው። ያለ ወርሳሜ ድንኳን ስንተክል የመጀመሪያችን ነው፤ ምሰሶው ሦስት ጊዜ ሰው ላይ ወደቀ። የኋላውን ገመድ ነጋ እያለቀሰ ከኒም ዛፍ ጋር አሰረው። እንባ ስለጋረደው ይሁን ባለማወቁ፣ የጫማ ክር ቋጠሮ ነው የቋጠረው።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሲያልፍ ድንኳኑ ሞላ። ወንዶቹ አንገታቸውን ደፍተዋል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውንና ሻሻቸውን አፋቸው ላይ ይዘዋል።

«እንደሱ ዓይነት ሰው የት ይገኛል» አለ ነጋ አፍንጫውን እየጠረገ። «ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ፓራሹት ያልኩት እኔ ነኝ። ምላሴን ይቁረጠው!»

«ኋላ ይቆረጣል፣ አሁን ዝም በል» አሉት አዴ ፈርዶውሳ።

ካሣ ደግሞ ተነሥቶ ቆመና ሁሉም እየሰማ እንዲህ አለ፦

«ዛሬ ልነግረው ነበር እኮ! ‹አቦ ወርሳሜ፣ የማህደር ሰርግ ያንተ ነው› ልለው ነበር። ሳይሰማው ሄደ!»

ሸዋገነት ቀና ብላ አየችው። ኋላ እንደሰማሁት፣ ሰርጉን ለዲኮር ሠሪዎቹ ሊሰጡ ማታ ተስማምተው ነው ያደሩት። ነገር ግን በለቅሶ ቤት ማን ማንን ያርማል? እሷም አንገቷን ደፋች።

በዚህ ጊዜ ከድንኳኑ ጀርባ፣ ከሸራው ውጭ፣ መዶሻ ካስማ ሲመታ ተሰማ። ቀጥሎም የቁጣ ድምፅ፦

«ወርያ! ይህን ቋጠሮ የቋጠረው ማን ነው? ድንኳን ነው ወይስ ጫማ ነው ያሰራችሁት?»

ድንኳኑ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ይህን ድምፅ ያውቀዋል።

«አዑዙ ቢላህ!» አሉ አዴ ፈርዶውሳ። «በስመ አብ!» አለች ሸዋገነት። ሁለቱም በፍርሃት ተቃቀፉ። ነጋ ያለ ድምፅ ከወንበሩ ተንሸራቶ መሬት ላይ ተቀመጠ።

ወርሳሜ ከመልካ ጀብዱ ድንኳን ጭኖ መመለሱ ነበር። ሰፈር ሲደርስ በደጁ ድንኳን ተተክሎ አየ። ሌላ ሰው ቢሆን መጀመሪያ ማን ሞተ ብሎ ይጠይቃል። እሱ ግን መጀመሪያ ያየው ቋጠሮውን ነው፤ ወርዶ ፈታው፣ እንደገና አሰረው፣ ካስማውንም መታው። ሥራውን ሲጨርስ ወደ ሐዘን ቤት መግባቱ ትዝ አለውና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ቆቡን አስተካክሎ፣ በእርጋታ ገባ። በየተራ እጅ እየነሣ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

ድሬ ውስጥ አንቱታ ብዙ አይዘወተርም። ወርሳሜ እኔን አንቱ የሚለኝ ሲጨንቀው ብቻ ነው።

«ዳኛ፣ አላህ ያጽናዎት» አለኝ በሹክሹክታ። «ማን ነው የሞተው?»

«አንተ» አልኩት።

«እኔ?»

«አንተ። ተጽፏል።»

ስልኬን ሰጠሁት። አነበበና ፊቱ በራ።

«ይሄማ ነፋሱ ነው! እኔም ጋ ጧት መጥቷል። ስሜን ከነአያቴ ጠርቶ ‹ዘጠኝ ሰዓት› አለኝ። እንዴት ያለ ሥነ ሥርዓት ያለው ዕቃ ነው እያልኩ ሳደንቅ ነበር!»

«ታዲያ ነፋሱ ለምን በአንተ ስም ይመጣል?»

«ሳጥኑን ማን ሞላው? እኔ አይደለሁ?»

ካሣ እዚያ ላይ ነቃ።

«ቆይ፣ አልሞትክም ማለት ነው?»

«አልሞትኩም፤ ጆሮዬም ደህና ነው። ከሸራው ጀርባ ሆኜ ሰምቼሃለሁ። የማህደር ሰርግ የኔ ነው ብለሃል።»

«አቦ ያልኩት ለሟቹ ነው!»

«ሟቹ እኔ ነኝ አይደል?»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ፤ ዳኛ ነኝና። ጉሮሮዬን ጠርጌ «ለሟች የተገባ ቃል ለቋሚ ከተገባው ይከብዳል» ብዬ ፈረድኩ። ካሣ ወደ ሸዋገነት አየ። ሸዋገነት «ለሟች ከሆነ ሟች ይሁንና ይውሰደው!» አለች። ከዚያ እኔ ሌላ ፍርድ ልጨምር ስል ወርሳሜ ሰዓቱን አየና ብድግ አለ።

«ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ነው! ተነሡ! ገመድ ያዙ!»

ማንም አልተነሣም። አንድ ሰው በአንድ ቀን የሚያምነው ነገር ልክ አለው። ወዲያው ግን ከደረቁ ወንዝ አሸዋ በኩል አቧራ እንደ ግድግዳ ቆሞ ሲመጣ አየን። መጀመሪያ የጎረቤት ቆርቆሮ ጮኸ፤ ቀጥሎ የአንዱ ቤት ዲሽ ከጣሪያ ወርዶ እንደ ሳህን መንገድ ላይ ተንከባለለ። ድንኳኑ ሆዱን ነፋ።

ያኔ ሰው ሁሉ ተነሣ። ካሣ ኮቱን ጥሎ የፊቱን ገመድ ያዘ። ነጋ መካከለኛውን ምሰሶ እንደ እናቱ አቀፈው። አዴ ፈርዶውሳ ሳይቀሩ የሸራውን ጫፍ ይዘው ተቀመጡበትና ለመጀመሪያ ጊዜ ክብደታቸው ስለረዳቸው ፈጣሪን አመሰገኑ። ወርሳሜ መዶሻውን ይዞ ከካስማ ካስማ ይሮጣል፤ «ያቺን ሳብ! ይቺን ልቀቅ! ነጋ፣ ምሰሶውን አትሳመው፣ ያዘው!» እያለ። ነፋሱ አሸዋውን ሁሉ ፊታችን ላይ ደፍቶ፣ የቻለውን ሞክሮ፣ ወደ ለገሀሬ ሰፈር አለፈ።

ድንኳኑ ቆሟል። እኛ ሁላችን ዱቄት ውስጥ የገባን መስለን፣ ገመዳችንን እንደያዝን ቀረን።

ካሣ ዓይኑን ጠረገና ሚስቱን አየ። ሸዋገነት ከነጠላዋ አሸዋ እያራገፈች ድንኳኑን ከላይ እስከ ታች ተመለከተችው።

«የብረቱ ቢሆን ይህን ሁሉ ሰው የሚያስተባብር አብሮት ይመጣል?» አለች። «በቃ፣ ይሁን። ግን እነዚህን ገመድ ያዦች ጭምር ነው የምፈልገው።»

ሃምዳ ከፈረቃ ወጥታ ስልኳን ስትከፍት የአባቷን ሞት አንብባ በባጃጅ እየጮኸች ደረሰች። አባቷን በአቧራ ነጭ ሆኖ፣ መዶሻ ይዞ ሲስቅ ስታገኘው ልትስመው ይሁን ልትመታው አልቆረጠላትም። ሁለቱንም አደረገች።

«ነገውኑ አስተካክለዋለሁ፣ አባ። በስምህ ፈንታ ‹ነፋስ› ብዬ እጽፋለሁ፤ የዕድሩንም መቁጠሪያ ትቶ ያንተ ላይ ይጻፍ።»

«እስከ ሰርጉ ተይው» አላት ወርሳሜ።

የሰርጉ ዕለት፣ እሁድ ጧት፣ የሁላችንም ስልክ ጮኸ። ወርሳሜ ሲያድ ዐብዲገኒ፣ አሥር ሰዓት፣ ሳቢያን። በዚህ ጊዜ የደነገጠ የለም። ሰርጉ ላይ የገባ ሁሉ «ነፍስ ይማር» እያለ ይጨብጠዋል፤ እሱም «አሜን፣ ወንበር ያዝ» ይላል። አሥር ሰዓት ሲቃረብ ሱፍ የለበሱ ወንዶች ሁሉ ከምግቡ ተነሥተው በየገመዳቸው ቆሙ። ሙሽሮቹ ማህደርና ነህምያ ከፎቶ ሲመለሱ ያገኙት ይህን ነው፤ እንግዳው በሙሉ ገመድ ይዞ ቆሟል። ከሩቅ የመጡት የነህምያ ዘመዶች የድሬ የሰርግ ልማድ መሰላቸውና እነሱም ጥግ ጥጉን ያዙ። ነፋሱ መጣ፣ የማህደርን ቬል ትንሽ ነካ አድርጎ ሄደ። ወርሳሜ ቅር አለው፤ ለዚህ ለዚህ ነፋስ ያን ሁሉ ሰው ማስነሣቱ አሳፍሮታል። ድንኳኑን ግን ያየ ሁሉ አየው።

ከዚያ ወዲህ ሃምዳ ላስተካክለው ብትል የሰፈሩ ሴቶች እምቢ አሉ። ለምደውታል። የወርሳሜ ስም ስልክ ላይ ሲመጣ አንዷ በአጥር ላይ ብቅ ብላ «ወርሳሜ ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ይሞታል፣ ልብስሽን አስገቢ!» ትላለች። ሌላዋ «ትናንትም ሞቶ ነበር እኮ፣ ሰውየው አበዛው!» ትላለች። ነጋም አሮጌውን ስም ሽሮ አዲስ አወጣለት፤ አሁን የሚጠራው «መርሁም» ተብሎ ነው። መርሁም ማለት በእስላሞቹ ዘንድ ነፍሱን ይማረውና የሞተ ሰው ማለት ነው።

አንድ ቀን «ይህ ስም አይከፋህም?» አልኩት።

«ለምን ይከፋኛል? ፓራሹት እያሉ ሲያሙኝ ኖረዋል። በመርሁም ላይ ክፉ አይወራም።»

እንደ ዳኛነቴ ግን አንድ ነገር ያሳስበኝ ነበር።

«ወርሳሜ፣ ከአንተ ያርቀውና፣ እውነተኛው ቀን የመጣ ዕለት ምን ልናደርግ ነው? ስምህን ብጽፍ ሰው ልብሱን ያስገባል እንጂ ለቅሶ አይመጣም።»

ጢሙን እያሻሸ አሰበበት።

«ልብሳቸውን ያስገቡና ይምጡ፣ ችግር የለም» አለ። «የኋላውን ገመድ ግን ነጋ እንዳያስረው። አደራ፣ ዳኛ።»